«ሹርጣ ጋ እንዳትሄጂ» የሚለው ምክር ከየት መጣ?



እዚህ አገር የመጣን ሁላችንም የሰማነው አንድ ምክር አለ። አንዳንዶቻችን ገና ቦሌ ሳንደርስ ከደላላ ሰምተነዋል፤ ሌሎቻችን ቀድመውን ከመጡ እህቶች፣ ወይ መክተብ ተቀምጠን ስንጠብቅ። «ባባ ወይ ልጁ አንድ ነገር ቢያደርግሽ ሹርጣ ጋ እንዳትሄጂ፤ የምትታሰሪው ራስሽ ነሽ።» በሹክሹክታ ነው የሚነገረው። ለምን እንደሆነ ግን ማንም አያብራራም።

እኔ የምሠራው አል ራሐ ቢች ነው። ባሕሩ ከፊት፣ ኤርፖርቱ ከኋላ፣ ማዶ ደግሞ ያስ ደሴት። ሌላ ቤት ከሚሠሩ ልጆች ጋ የምንገናኘው ቆሻሻ ስንጥል፣ ልጆች ይዘን ባሕሩ ዳር ስንወርድ ወይ ሊፍት ውስጥ ነው። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ሊፍቱ ከላይ እስከ ምድር እስኪወርድ ባለችው ደቂቃ ውስጥ «ፖሊስ ያምነኛል ብለሽ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ኦፍ በሆንኩበት ቀን ሁሉ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሳነብ፣ የሚያውቁ ሰዎችንም ስጠይቅ ቆየሁ። ትምህርቴ እስከ አስረኛ ክፍል ነው፤ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን ያ ምክር ዝም ብሎ የተፈጠረ ወሬ እንዳልሆነ አይቻለሁ። ዓመተ ምሕረት ያለው፣ ስም ያለው፣ አንቀጽ ቁጥር ያለው ነገር ነው። ደግሞ ከዚያ ወዲህ የተለወጠም አለ። የትኛው አሮጌ እንደሆነ፣ የትኛው ዛሬም እንዳለ ለይተን ማወቅ አለብን ብዬ ነው የምጽፈው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ የአገራችንን ስጽፍ ዓ.ም እላለሁ።

መጀመሪያ ወደ አል ዓይን ልውሰዳችሁ። ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።

ሳራ ባላባጋን የምትባል ፊሊፒኖ ነበረች። ከደቡብ ፊሊፒንስ፣ ከማጊንዳናኦ የመጣች ሙስሊም ልጅ። ፓስፖርቷ ላይ ዕድሜዋ 28 ይላል፤ እውነተኛ ዕድሜዋ ግን 15 ወይም 16 ነበር። (ዕድሜ መጨመር የኛ ደላሎች ብቻ ጥበብ አይደለም ለካ።) በሐምሌ 1994 ቤት ሠራተኛ ሆና የምታገለግለውን ሰው በቢላ ወግታ ገደለችው። 34 ጊዜ ነው የወጋችው። ሰውየው በቢላ አስፈራርቶ ደፈረኝ፣ ራሴን ተከላከልኩ አለች።

አሁን ፍርዱን በጥሞና ተከተሉኝ። በሰኔ 1995 አል ዓይን ያለው ፍርድ ቤት ሁለት ነገር አንድ ላይ ወሰነ። ሰው በመግደል 7 ዓመት ትታሰር፣ ለሟች ቤተሰብም 150,000 ድርሃም የደም ካሳ ትክፈል አለ። በዚያው ፍርድ ደግሞ መደፈሯን ተቀብሎ ለሷ 100,000 ድርሃም ካሳ ይከፈላት አለ። ሒሳቡን ስትሠሩት የተደፈረችው ልጅ 50,000 ድርሃም ባለዕዳ ሆና ወጣች ማለት ነው። ከዚያ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተደረገ። በመስከረም 1995 ሁለተኛው ችሎት መደፈሯን የሚያሳይ ማስረጃ የለም፣ አስባ ነው የገደለችው ብሎ ሞት ፈረደባት።

እኔን እዚህ ጋ ያስቆመኝ ሞቱ አይደለም። ያው ልጅ ናት፣ ያው ቀን ነው፣ ያው ቤት ነው። በሰኔ ተደፍራለች፤ በመስከረም አልተደፈረችም። በሦስት ወር ውስጥ በሷ ላይ የደረሰው ነገር ሊለወጥ አይችልም። የተለወጠው ሰዎች ማስረጃውን ያዩበት ዓይን ነው። ሳራ ደግሞ መደፈሯን የተናገረችው እንደ አመልካች ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ነው። ፖሊስ የመጣው ለሞተው ሰው ነበር። የሷ ሰውነት ማስረጃ የሆነው በሬሳው በኩል ነው።

የሞት ፍርዱ ሲሰማ ማኒላ ላይ ሰው አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የምትባል ሌላ ፊሊፒናዊት ቤት ሠራተኛ ሲንጋፖር ውስጥ ተሰቅላ ስለነበር ሕዝቡ ቁጣው አልበረደም። በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት ሼህ ዛይድ ጣልቃ ገቡ፣ የሟች ቤተሰብም የደም ካሳውን ለመቀበል ተስማማ፤ ገንዘቡን አንድ ፊሊፒናዊ ባለሀብት ከፈለው። በጥቅምት 1995 ፍርዱ ወደ አንድ ዓመት እስርና 100 ግርፋት ወረደ። ግርፋቱ በቀን 20፣ በ5 ቀን ተፈጸመ። በነሐሴ 1996 አገሯ ገባች። ፊሊፒኖች ግን ልቅሶ ብቻ ይዘው አልቀሩም። በሰኔ 1995 የወጣው የስደተኛ ሠራተኞች ሕጋቸው፣ ብዙ ዜጋ ባለበት አገር ሁሉ ኤምባሲያቸው ሌት ተቀን ክፍት የሆነ የሠራተኞች ማዕከል እንዲኖረው ያዛል። የነሱ ልጆች ሲቸግራቸው የት እንደሚሄዱ የሚያውቁት በዕድል አይደለም።

የሳራ ታሪክ ሰውን አስፈራ እንጂ «የምትታሰሪው ራስሽ ነሽ» የሚለው ምክር የመጣው ከሱ ብቻ አይደለም። ከሕጉ ነው። በ1987 የወጣው የኤምሬትስ የወንጀል ሕግ ሁለት አንቀጾች ነበሩት። አንቀጽ 354 ሴትን አስገድዶ የደፈረ በሞት ይቀጣል ይላል። ከባድ ነው፣ ሴትን የሚጠብቅ ይመስላል። አንቀጽ 356 ደግሞ ከጋብቻ ውጭ በፈቃድ ግንኙነት የፈጸመ ቢያንስ አንድ ዓመት ይታሰራል ይል ነበር። በሁለቱ መሐል ያለችው ነገር «ፈቃድ» የምትባለዋ ቃል ብቻ ናት።

እስቲ አንዲት ሴት ፖሊስ ጣቢያ ገብታ «ይህ ሰው ደፈረኝ» ብላ ቃሏን ሰጠች እንበል። ኃይል መኖሩ ከተረጋገጠ ሰውየው በ354 ይጠየቃል። ኃይል መኖሩ ካልተረጋገጠስ? ፋይሉ ውስጥ የሚቀረው ግንኙነት መኖሩን በራሷ አንደበት የተናገረችው ቃል ነው። አቤቱታዋ የእምነት ቃል ሆኖ አረፈው። ኃይል መኖሩን ማረጋገጥ ደግሞ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት፤ ምስክር የለ፣ በር ተዘግቷል፣ ሰውየው ባለቤቱ ነው፣ እሷ ቋንቋ አትችልም። ከዚህ ላይ ነው ምክሩ የተወለደው። የመከሩን እህቶች ፈሪ ስለሆኑ አልነበረም፤ ያዩትን ነው የነገሩን።

በ2008 ፉጃይራ ውስጥ ሆቴል ትሠራ የነበረች አንዲት አውስትራሊያዊት ተደፈርኩ ብላ አመልክታ ራሷ ስምንት ወር ታስራለች። ዓለም ሁሉ የሰማው ግን የ2013ቱን ነው። ማርቴ ዴቦራ ዳሌልቭ የምትባል የ24 ዓመት ኖርዌያዊት ለሥራ ዱባይ መጥታ የሥራ ባልደረባዬ ደፈረኝ ብላ ፖሊስ አስጠራች። ሆቴሉ ውስጥ ፖሊስ ጥሩልኝ ስትል ሠራተኞቹ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብለው እንደጠየቋት በኋላ ተናግራለች። የሆቴሉ ሰዎች ይህን የጠየቁት ክፋት ይዟቸው አይመስለኝም፤ እነሱም ያንኑ የኛን ምክር ሳያውቁት አይቀርም። ፓስፖርቷ ተወሰደ፣ ታሰረች፣ በሐምሌም ከጋብቻ ውጭ ግንኙነት፣ አልኮል መጠጣትና የሐሰት ቃል በሚል 16 ወር ተፈረደባት። ከሰስኩት ያለችው ሰው 13 ወር ተፈረደበት፤ እሱም ቢሆን ስለ መድፈር አይደለም። መንግሥቷ ጮኸ፣ ጋዜጣው ሁሉ ጻፈ፤ ከፍርዱ በቀናት ውስጥ ምሕረት ተደርጎላት ወጣች።

ምሕረት የተደረገው ለሷ ነው። አንቀጹ ግን እዚያው ቆየ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ የሚናገርላት ሴት በዚህ ካለፈች፣ ስልኳ የማዳም መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈባት ሴት በምን ልታልፍ ነው?

ለኛ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። በጥቅምት 2014 ሂዩማን ራይትስ ዎች የሚባለው ድርጅት እዚህ አገር የሠሩ 99 ቤት ሠራተኞችን አነጋግሮ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ እኛን አይጨምርም፤ ጉዳያችን የሚታየው በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ነበር። ከከፊሏ ቤት ሮጣ የወጣች ልጅ ፖሊስ ጋ ስትደርስ ብዙውን ጊዜ ከፊሉ ቀድሞ ጠፋች ብሎ አስመዝግቧታል። ወረቀት የላትም። እና መርማሪው ጠረጴዛ ፊት ስትቀመጥ ተበዳይነቷ ከመመዝገቡ በፊት ኮብላይነቷ ተመዝግቧል። «ምን ሆንሽ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ለምን ወጣሽ?» የሚለው ይመጣል።

ይህን ሁሉ አንብባ «አረቦች እንዲህ ናቸው» የምትል እህት እንዳለች አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ሳነብ ግን ያው የፖሊስ ጠረጴዛ በሌላውም አገር እንዲሁ እንደነበር አገኘሁ።

በጥር 1982 እንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን አንድ ዘጋቢ ፊልም ታየ። ቴምስ ቫሊ በሚባል አካባቢ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አንዲት ሴት ተደፈርኩ ብላ ስታመለክት የተቀረጸ ነው። ሦስት ወንድ መርማሪዎች ከበዋት ይጮሁባታል፣ ውሸትሽን ነው ይሏታል፣ ስለ ድሮ ሕይወቷ ይጠይቋታል። የሚያሳዝነው ይህን ያደረጉት ካሜራ እየቀረጻቸው መሆኑን እያወቁ ነው። ስህተት መስሎ አልታያቸውም ማለት ነው። ሕዝቡ ግን አይቶ ተቆጣ። ከዚያ በኋላ ነው የእንግሊዝ ፖሊስ ለዚህ ዓይነት ጉዳይ የሠለጠኑ ሴት ፖሊሶችን ማዘጋጀት የጀመረው፤ በ1986 ማንችስተር ከተማ ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪምም ምክርም በአንድ ቦታ የሚገኝበት ማዕከል ተከፈተ። ብራዚል ቀድማ ነበር፤ በነሐሴ 1985 ሳኦ ፓውሎ ላይ በሴት ፖሊሶች ብቻ የሚሠራ ጣቢያ ከፍታለች።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሁለት ነገር ተሠርቷል፣ ሁለቱንም ብታውቁልኝ ደስ ይለኛል። አንደኛው ቦስተን ነው። አን በርጀስ የምትባል ነርስና ሊንዳ ሆልምስትሮም የምትባል የማኅበረሰብ ተመራማሪ አንድ ዓመት ሙሉ ድንገተኛ ክፍል የመጡ የተደፈሩ ሴቶችን አነጋገሩ፤ የ92 አዋቂ ሴቶችን ነገር መርምረው በ1974 ጻፉ። ያገኙት ይህ ነው፤ አንዳንዷ ታለቅሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ሌላዋ ግን ዝም ትላለች፣ ረጋ ብላ ትቀመጣለች፣ ምንም ያልሆነች ትመስላለች። ሁለቱም የተጎዱ ናቸው። ከዚያ በፊት ፖሊስ የሚያምነው የምታለቅሰዋን ነበር። ይህ እኛን በጣም ይመለከተናል እህቶቼ። እኛ እኮ ሰው ፊት ማልቀስ ነውር ነው ተብለን ያደግን ነን። አንገት ደፍተን፣ ዓይን ሰብረን፣ በአጭሩ ነው የምንመልሰው። ያ አክብሮት ነው እኛ ጋ፤ ሌላ ሰው ግን ውሸት አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

ሁለተኛው ቺካጎ ነው። ማርቲ ጎዳርድ የምትባል ሴት ሆስፒታሎች ማስረጃ እንዴት እንደሚያበላሹ አየች። ልብሱን ይቀዳሉ፣ ይጥላሉ፣ ያልተለየ ነገር አንድ ላይ ይከታሉ፤ ልብሷ የተወሰደባት ሴትም የምትለብሰው አጥታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ፖሊስ ፍርድ ቤት ሲቀርብ በእጁ ምንም የለም። ስለዚህ አንድ ካርቶን አዘጋጀች። ውስጡ ናሙና መውሰጃ ጥጥ፣ ማበጠሪያ፣ ልብስ መክተቻ ከረጢት፣ ለነርሷ ደግሞ ምን ከምን ቀጥላ እንደምትሠራ የተጻፈ መመሪያ። በመስከረም 1978 በ26 ሆስፒታሎች ሥራ ጀመረ። ዛሬ በብዙ አገር ፖሊስና ሐኪም የሚጠቀሙበት አሠራር የተወለደው ከዚህ ነው። ካርቶኑ ግን የተሰየመው አብሯት በሠራው ፖሊስ፣ በሻምበሉ ነው ወይ በሃምሳ አለቃው ብቻ ቪቱሎ በሚባለው ሰውዬ ስም። የሷ ስም አልተጻፈበትም። ቤት ስንሠራ ውለን ምስጋናውን ሌላ እንደሚወስደው መሆኑ ነው።

የኛስ አገር? እዚህ ጋ አንገት መድፋት ይመጣል። በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 599፣ የተደፈረችው ሴት የደፈራትን ሰው በፈቃዷ ካገባችው ክስ አይመሠረትም ይል ነበር። ያች «በፈቃዷ» የምትል ቃል እዚህም አለች። ጠለፋም በዚሁ መንገድ በሽምግልና ያልቃል፤ ፖሊሱ ራሱ ሽማግሌ ጥሩ ብሎ ይመልሳል። ሳራ ከአል ዓይን እስር ቤት በወጣችበት ዓመት፣ በ1996፣ አርሲ ውስጥ አበራሽ በቀለ የምትባል የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ፣ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለች፤ እሷም ታሰረች። ከጥቂት ጊዜ በፊት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ራሷን ተከላክላ ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። «ድፍረት» የሚለው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ነው። ሁለት ልጆች፣ አንዷ አል ዓይን አንዷ አርሲ፣ በአንድ ዘመን፤ ሁለቱም መበደላቸውን ሕግ የሰማው ከገደሉ በኋላ ነው።

ያ የጋብቻ ማምለጫ የቀረው በ1997 ዓ.ም ግንቦት ላይ ሥራ በጀመረው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። አንቀጽ 625ም አለ፤ አሠሪ፣ አስተማሪ ወይም አሳዳጊ ሆኖ የሴትን ችግር ወይም በሱ ሥር መሆኗን መሣሪያ አድርጎ ግንኙነት የፈጸመ ይጠየቃል ይላል። አዲስ አበባ ቤት የሠራን ስንቶቻችን ይህን አንቀጽ እናውቃለን? ከዚያም በ2012 አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙም፣ ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል ተከፈተ። ጥቅሙ ቀላል ይመስላል፤ ተበዳይዋ ያንኑ ነገር ለአራት ሰው አራት ጊዜ አትናገርም። ያለፈችበት ግን ቀላል አይደለም ትላለች።

አሁን ወደዚህ አገር ልመለስ፣ ምክሩ አርጅቷል ወይስ አላረጀም ወደሚለው።

በ2017 የቤት ሠራተኞች ሕግ ወጣ፤ ጉዳያችንም ወደ ሰው ኃይል ሚኒስቴር ተዛወረ። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ ሌላ ሕግ ተተካበት። በሁለቱም ሠራተኛን በቃልም ሆነ በአካል ወሲባዊ ትንኮሳ ማድረግ ክልክል ነው፤ ፓስፖርታችንና መታወቂያችንም በራሳችን እጅ ይሆናል ይላል። (በተግባር የማን መሳቢያ ውስጥ እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ።) በአዲሱ ሕግ አሠሪው በደል ፈጽሞብሽ ከቤት ብትወጪ በ48 ሰዓት ውስጥ ለሚኒስቴሩ ማሳወቅ አለብሽ። ይህች 48 ሰዓት ትልቅ ነገር ናት። ኮብላይ ከመባል የምትለይሽ እሷ ናት።

ዋናው ለውጥ የወንጀል ሕጉ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ መሻሻል ጀምሮ፣ ከጥር 2 ቀን 2022 ጀምሮ ያ የ1987 ሕግ በአዲስ ተተክቷል። በአዲሱ አስገድዶ መድፈር ዕድሜ ልክ ያሳስራል፣ በአንዳንድ ሁኔታ ደግሞ ሞት። በፈቃድ የሆነ ግንኙነት ግን ከእንግዲህ ፖሊስም ሆነ ዐቃቤ ሕግ በራሱ ተነሥቶ የሚከስበት አይደለም። ክስ የሚጀመረው ባል ወይም አሳዳጊ ካመለከተ ብቻ ነው፤ ቅጣቱም ቢያንስ ስድስት ወር ነው። በቀላል አማርኛ ስናገረው፣ ተደፈርኩ ብላ ያመለከተች አዋቂ ሴት ኃይል መኖሩ ባይረጋገጥላት እንኳ ድሮ እንደነበረው አቤቱታዋ በቀጥታ ክስ ሆኖ አይዞርባትም።

ግን «ባል» የምትለዋን ዘልላችሁ እንዳታልፉ። አገር ቤት ባል ያላት እህት አለች፤ እሱ ቢያመለክት ጉዳዩ ሊነሣ ይችላል። የሐሰት ክስ ማቅረብም ወንጀል ነው። ስለዚህ ምክሩ ግማሹ አርጅቷል፣ ግማሹ ገና አለ ነው የምለው። አርጅቷል ያልኩት ግማሽ ግን ትልቁ ግማሽ ነው።

ሌላም አለ። በ2024 የወጣ የካቢኔ ውሳኔ ከመደፈር የመጣ እርግዝናን በ120 ቀን ውስጥ በሕክምና ማቋረጥን ይፈቅዳል። ፈቃዱ ግን ወዲያው ለመንግሥት አካል ማመልከትንና የዐቃቤ ሕግ ወረቀትን ይጠይቃል፤ እዚህ አገር ቢያንስ አንድ ዓመት መኖርንም እንዲሁ። ሦስት ወር ደብቃ ቆይታ ሆዷ ሲታይ ለምትናገረው እህት ይህ በር ሊዘጋባት ይችላል። ዝምታ ድሮ መከላከያ ነበረ፤ አሁን እንደዚያ አይሠራም።

ጣቢያ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቃልሽን ትሰጫለሽ፣ ወደ ሐኪም ትላኪያለሽ፣ ከዚያ ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ኒያባ ወደሚሉት ይሄዳል፤ የሚከሰው ኒያባ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ምርመራው በዐረብኛ ነው የሚካሄደው፤ ዐረብኛ የማታውቅ ሰው ግን አስተርጓሚ ሊቀርብላት እንደሚገባ የአገሪቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ከ1992 ጀምሮ ይላል። አቡ ዳቢ ፍርድ ቤት በ2019 ከዐረብኛና ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ ሂንዲን ሦስተኛ ቋንቋ አድርጎ ተቀብሏል። አማርኛ የለም። የወጥ ቤት ዐረብኛችን ሩዝ ለመቀቀል ይበቃል፤ «ገፋኝ»ን ከ«ነካኝ»፣ «ዝም አልኩ»ን ከ«እሺ አልኩ» ለመለየት ግን አይበቃም። ፋይሉ የሚቆመውና የሚወድቀው ደግሞ በዚህ ልዩነት ነው። ማዳም ወይም የመክተቡ ሰው ላስተርጉምላት ቢል እንቢ ማለት ይቻላል። ያላነበቡልሽን ወረቀት አለመፈረምም ይቻላል።

ስለ ማስረጃ የቺካጎዋ ሴት ያስተማረችው ዛሬም እንደዚያው ነው። እኛ ሴቶች እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መጀመሪያ የምናደርገው መታጠብ ነው፤ ልብሱንም፣ አንሶላውንም በዚያው ሌሊት እናጥባለን። ሥራችንም ማጠብ ስለሆነ እጃችን ሳናስበው ይሄዳል። የሚቻል ከሆነ ግን ከመታጠብ በፊት ሐኪም ይይሽ። ልብሱ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል ውስጥ ርጥበት ይይዝና ያበላሸዋል። ታጥበሽም ከሆነ አልቆለታል ብለሽ አትቅሪ፤ ቁስልም፣ መልእክትም፣ ጎረቤት የሰማው ጩኸትም ማስረጃ ነው። ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ እርግዝና መከላከያውም ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ክሱን ባትፈልጊው እንኳ ይህን ሁለቱን አትተዪ። ድንግል ነሽ አይደለሽም የሚለው ምርመራ ደግሞ ምንም እንደማያረጋግጥ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት በጥቅምት 2018 በይፋ ተናግረዋል፤ አገር ቤትም ሆነ እዚህ በዚያ የምትፈራ ካለች ትወቀው።

ፖሊስ 999 ነው። አቡ ዳቢ ፖሊስ «አማን» የሚለው በምስጢር መረጃ የሚቀበል መስመርም አለው፣ 8002626። በ2006 የሰው ንግድ መከላከያ ሕግ ከወጣ በኋላ አቡ ዳቢ ላይ «ኢዋእ» የሚባል የሴቶች መጠለያ ተከፍቷል፤ ቃሉ ራሱ መጠለያ ማለት ነው። የኛ ኤምባሲም አቡ ዳቢ ነው ያለው፣ ቆንስላው ዱባይ። ስልክ ያላት እህት እነዚህን በሰው ስም አስመስላ ትመዝግባቸው፤ ስልኳን የሚፈትሹባት በራሷ ልብ ትያዛቸው።

አንድ ዐረፍተ ነገር ደግሞ በዐረብኛ ሸምድዱ። «ኡሪድ ሙተርጂማ አምሃሪያ።» የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ሴት፣ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ስምሽን ከተናገርሽ በኋላ፣ ሌላ ምንም ከማለትሽ በፊት።